«ይጎዳችኋል» እየተባሉ ለምን «እንውጣ» አሉ?

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «ሰላም። አዲስ አበባ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ስለ ብሬግዚት፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለመውጣቷ፣ ግራ የገባኝ ነገር አለ። ለንደን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ “ዘረኝነት ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልግ” ይለኛል። መምህራችን ደግሞ “ሕዝቡ በውሸት ተታለለ” አለን። ከአውሮፓ ኅብረት ብዙ ገንዘብ የሚያገኙ አካባቢዎች ጭምር “እንውጣ” ማለታቸውን ሳነብ ግን ሁለቱም መልሶች አላጠገቡኝም። እንደሚጎዳቸው እየተነገራቸው ለምን ወጡ? አሁን ቢጠየቁስ ይመለሳሉ?»

ወንድምህም መምህርህም ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ይዘዋል። እኔ የማልስማማው «ሌላ ምክንያት አትፈልግ» በሚለው ነው። «እንውጣ» ያለው 17.4 ሚሊዮን ሰው በአንድ ቀን ተነስቶ ለአንድ ምክንያት ብቻ ድምፅ አይሰጥም። የፖለቲካ ኢኮኖሚ ከሚያጠኑ ሰዎች አንዱ ነኝና፣ ነገሩ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ቢረዝምብህ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናስቀምጥ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ጁን 23 ቀን 2016 ነው። 51.9 በመቶ ለመውጣት፣ 48.1 በመቶ ለመቆየት መረጠ። ከተመዘገበው መራጭ 72.2 በመቶው ድምፁን ሰጥቷል። እንግሊዝና ዌልስ «እንውጣ» አሉ። ስኮትላንድ 62 በመቶ፣ ሰሜን አየርላንድ ደግሞ 56 በመቶ ገደማ «እንቆይ» አሉ። ለንደን ውስጥም ከአሥር መራጭ ስድስቱ ለመቆየት ነው የመረጠው። ላምቤዝ በሚባለው የለንደን ወረዳማ 78.6 በመቶ ደርሷል። ወንድምህ የሚያውቃት እንግሊዝ ይቺ ናት። እዚያ ተቀምጦ የቀረውን አገር ስሜት ማወቅ ቀላል አልነበረም። ብዙ የለንደን ሰው ዜናውን የሰማው ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው። አላመነም።

ስለ ታሪኩ ብዙ አላወራም፤ አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ብሪታንያ አውሮፓ ውስጥ የገባችው እያቅማማች ነው። የፈረንሳዩ ደጎል በ1963 እና በ1967 በር ዘጉባት። በ1973 ገባች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕዝቡ ተጠይቆ 67 በመቶው «እንቆይ» አለ። ያኔ ግን የተነገረው በዋናነት ስለ ጋራ ገበያ ነበር፤ ሰው የመረጠው ንግድን ነው። ከዚያ በኋላ ኅብረቱ እየሰፋና እየጠበቀ ሲሄድ ብሪታንያ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ ቆየች። ዩሮን አልተቀበለችም። አባል አገሮች ያለ ፓስፖርት ቁጥጥር የሚገባቡበት ሸንገን ውስጥም አልገባችም። ጋዜጦቿ ደግሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምረው የኅብረቱን መቀመጫ ብራስልስን መቀለጃ አደረጉት። ስለ ሙዝ ቅርጽ ሕግ ወጣ፣ ስለ ቋሊማ ሕግ ወጣ፣ እያሉ። በነገራችን ላይ ከዚህ ዓይነቱ ዘገባ ስም ካተረፉት የብራስልስ ዘጋቢዎች አንዱ ቦሪስ ጆንሰን የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ነበር። ስሙን በኋላ እናገኘዋለን።

አሁን ወደ አንድ ከተማ ልውሰድህ። ቦስተን። የአሜሪካዋን ማለቴ አይደለም። ሊንከንሻየር ውስጥ ያለችውን፣ ስሟን ለአሜሪካዋ ያወረሰችውን ትንሿን ቦስተን ማለቴ ነው። በመላ አገሪቱ ከፍተኛው የመውጣት ድምፅ የተቆጠረው እዚያ ነው፦ 75.6 በመቶ። ዙሪያዋ ለጥ ያለ ለም እርሻ ነው። ጎመኑ፣ አበባ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ብሮኮሊው ከዚያ ማሳ ተነስቶ ወደ ሱፐርማርኬቶች ይሄዳል። ሥራው ከባድ ነው። ሳይነጋ በሚኒባስ ወደ ማሳ መሄድ አለ። በብርድ ጎንበስ ብሎ መቁረጥ አለ። ካልሆነም ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ መዋል ወይም ቆሞ ማደር ነው። ሠራተኛ አቅራቢው ኤጀንሲ ዛሬ ሥራ አለ ካለ አለ፤ የለም ካለ የለም።

በሜይ 2004 አሥር አገሮች ኅብረቱን ተቀላቀሉ። ስምንቱ ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ ናቸው፤ ፖላንድና ሊትዌኒያን ጨምሮ። አብዛኞቹ ነባር አባላት የሥራ ገበያቸውን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው ቆዩ። ወዲያው የከፈቱት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን። የብሪታንያ መንግሥት ያስጠናው ትንበያ በዓመት ከ5,000 እስከ 13,000 ሰው ቢመጣ ነው የሚል ነበር። አጥኚዎቹ ሌሎቹም ትልልቅ አገሮች ይከፍታሉ ብለው ነበር የገመቱት። ጀርመን ዘጋች። ሰዉ ወዴት ይሂድ? በ2011 ቆጠራ ሲደረግ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ብቻ ፖላንድ የተወለዱ 580,000 ገደማ ሰዎች ተገኙ።

ቦስተን በ2001 ሕዝቧ 56,000 ገደማ ነበር። በ2011 ወደ 65,000 ተጠጋ። በዚያ ጊዜ ከአሥር ነዋሪ አንዱ ገደማ ከአዲሶቹ አባል አገሮች የመጣ ነው። ይሄ ቁጥር ለለንደን ምንም አይደለም። ለንደን ውስጥ ውጭ የተወለደው ሰው ከሦስት አንድ በላይ ነው፣ እሷ ግን ለመቆየት ነው የመረጠችው። ታዲያ ቦስተንን ምን አስቆጣት? ፍጥነቱ ነው። የምርጫውን ውጤት ከሕዝብ ቆጠራው ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር ይሄው ነው። ስደተኛ ለብዙ ዘመን በብዛት የኖረባቸው ከተሞች «እንቆይ» አሉ። ከጥቂት ወደ ብዙ በአጭር ጊዜ የተሸጋገሩት ደግሞ «እንውጣ» አሉ።

የቦስተን ሰው ሲያማርር የሚጠራቸው ነገሮች ደግሞ ተራ ነገሮች ናቸው። የሐኪም ቀጠሮ ራቀ። ትምህርት ቤቱ ሞላ። ጎረቤት ያለው ባለሦስት ክፍል ቤት ተሸንሽኖ ለሠራተኞች በአልጋ ይከራያል። ኢኮኖሚስቱ ደግሞ መጥቶ «ከአውሮፓ የመጡት ከሚወስዱት በላይ ግብር ይከፍላሉ» ይለዋል። እውነቱን ነው። ጥናቶቹም በአብዛኛው ይህንኑ ይላሉ። በነባሩ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ያሳደሩት ጫናም በጥቅሉ ትንሽ ነው ይላሉ። ግን ግብሩ የሚገባው ለንደን፣ ግምጃ ቤት ነው። ወረፋው ያለው ቦስተን፣ ክሊኒኩ በር ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር መኖር ነበረበት። ለይስሙላም ቢሆን ነበር። ስደተኛ በፍጥነት ለበዛባቸው አካባቢዎች ትንሽ ድጎማ የሚሰጥ ፈንድ ተቋቁሞ ነበር። በ2010 የመጣው መንግሥት ዘጋው።

ያ ዓመት፣ 2010፣ ትልቅ ዓመት ነው። ከ2008ቱ የባንኮች ቀውስ በኋላ የዴቪድ ካሜሮን መንግሥት «ቀበቶ እናጥብቅ» ብሎ ተነሳ። ለከተማ አስተዳደሮች የሚሰጠው በጀት ክፉኛ ተቆረጠ። ቤተ መጻሕፍት ተዘጋ። የወጣቶች ማዕከል ተዘጋ። የድጋፍ ክፍያዎች ተቀነሱ። ይህንን ቅነሳ ከድምፁ ጋር ያነጻጸሩ ኢኮኖሚስቶች ቅነሳው በበረታባቸው ቦታዎች የመውጣት ዝንባሌ መጨመሩን አሳይተዋል። ቅነሳውን የወሰነው ብራስልስ አልነበረም። ግን ሰው የተናደደበትን ሁሉ አድራሻውን አጣርቶ አይከሰውም።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርህ ለኛ ለኢኮኖሚክስ ሰዎች የሚያም ነው። ከድምፁ በፊት የኪንግስ ኮሌጁ ፕሮፌሰር አናንድ ሜነን ኒውካስል ውስጥ ሕዝብ ፊት ቀርበው ነበር። ከወጣን የአገሪቱ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት (ጂዲፒ) ይወርዳል ብለው ያስረዳሉ። አንዲት ሴት ከተሰበሰበው ሰው መሃል ጮኸች። ያ ያንተ ጂዲፒ ነው፣ የኛ አይደለም፣ አለችው። መሃል ላይ አንዲት ስድብ ቢጤም ነበረች፤ ትቼልሃለሁ።

ስለዚህ ድምፅ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ ግን የዚያችን ሴት ያህል ነገሩን ያስረዳኝ የለም። የመቆየት ዘመቻው ዋና መሣሪያ ኪሳራን ማስላት ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን ከወጣን በ2030 እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ ይጎድልበታል አሉ። ኦባማ ለንደን ድረስ መጥተው ብሪታንያ ከወጣች ለንግድ ስምምነት ከሰልፉ መጨረሻ ትቆማለች አሉ። ለዚያች ሴት ግን ዕድገቱ ራሱ «ላም አለኝ በሰማይ» ነበር። ወተቷን አይታ አታውቅም። የሌለህን ነገር ታጣለህ ብሎ ማስፈራራት አይቻልም።

ጥያቄህ ውስጥ ያነሳኸው ነገር፣ ገንዘብ የሚያገኙት መውጣታቸው፣ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዌልስ ውስጥ ኤቡ ቬል የምትባል የብረት ከተማ አለች። ፋብሪካዋ በ2002 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የኅብረቱ ገንዘብ ገባ። መንገድ ተሠራ፣ ባቡር ተመለሰ፣ ማሠልጠኛ ተከፈተ። በየሥራው ላይ ሰማያዊ ባንዲራና ቢጫ ኮከብ ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። የውጭ ተወላጅ እዚያ አካባቢ እጅግ ጥቂት ነው። ከተማዋ ያለችበት ብላይኖ ግዌንት ግን 62 በመቶ «እንውጣ» አለ። ለምን? ሰዉ የፈለገው ደመወዝ ነበር፤ የመጣለት ሰሌዳ ነው። ብረት ፋብሪካው አባትን ቀጥሮ ልጅንም የሚጠብቅ ነበር። ማሠልጠኛው ሠልጥነህ ወደ ካርዲፍ እንድትሄድ ነው። ደግሞም ገንዘቡን ብራስልስ ላከችው እንጂ መጀመሪያ ያዋጣነው እኛ ነን የሚለው ሰው ብዙ ነበር። ብሪታንያ ከምታገኘው በላይ የምታዋጣ አገር ስለሆነች ክርክሩ መሠረት አልነበረውም አይባልም።

ሰንደርላንድም እንዲሁ። የኒሳን መኪና ፋብሪካ ከ1986 ጀምሮ አለ። ሺዎችን ያስተዳድራል። የሚያመርተውን በብዛት የሚሸጠው ለአውሮፓ ነው። 61 በመቶ «እንውጣ»። ውጤቷ የተነገረው ገና እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ነበር፣ ወዲያው ፓውንድ ወረደ። ሊነጋጋ ሲል ከዶላር አንጻር ከ1985 ወዲህ ወዳልታየ ደረጃ ደረሰ። ከእንግሊዝ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ዘመድ ያለው ሰው ይህንን ከማንም በላይ ያስታውሳል። ብር ያኔ የሚከተለው ዶላርን ስለነበር ያው መቶ ፓውንድ በማግስቱ ያነሰ ብር ሆነ።

እስካሁን ያልኩህን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ግን ታሪኩን ግማሽ ነው የምትይዘው። «የተረሱ ድሆች አመፁ» የሚለው ትረካ ለጋዜጣ ስለሚመች በዛ። ቁጥሩን እይ። ከሁሉም ክፍለ አገር በላይ ብዙ የመውጣት ድምፅ የወጣው ከደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ነው፦ ወደ 2.6 ሚሊዮን። ሰንደርላንድ ያለችበት ሰሜን ምሥራቅ የሰጠው 780,000 ገደማ ነው። ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ሀብታም ነው። እዚያ «እንውጣ» ያሉት ብዙዎቹ ቤታቸውን ከፍለው የጨረሱ፣ ጡረታቸው የማይነቃነቅ፣ ግቢያቸውን የሚኮተኩቱ ሰዎች ናቸው። ፓውንድ ቢወርድ ሥራ አያጡም። ስለዚህ የኦስቦርን 4,300 ፓውንድ ለነሱም አልደረሰም፤ በተቃራኒው ምክንያት። አንዷ የምታጣው የላትም፣ አንዱ ቢያጣም አይጎዳም።

ለሁለቱ ሰዎች የጋራ ነገር ማግኘት ነው የዘመቻው ብልሃት። በድምፁ ቀን የሕዝብ አስተያየት የሚያስጠኑት ሎርድ አሽክሮፍት ከ12,000 በላይ መራጮችን አስጠይቀው ነበር። ለመውጣት ከመረጡት 49 በመቶው ዋና ምክንያቴ ያሉት የአገሪቱ ውሳኔ በአገሪቱ ውስጥ መወሰን አለበት የሚለውን ነው። 33 በመቶው ደግሞ ስደትንና ድንበርን መቆጣጠርን ጠቀሱ። ኢኮኖሚ ከነዚህ በጣም ርቆ ነው የመጣው። በዚያው መጠይቅ «ብሪታንያዊ ሳልሆን እንግሊዛዊ ነኝ» ካሉት 79 በመቶው ለመውጣት ነው የመረጡት። ስኮትላንድ የራሷ ፓርላማ አላት፣ ዌልስም ምክር ቤት አላት። እንግሊዝ ለብቻዋ ምንም የላትም። ይሄ ቅሬታ ሲብላላ የቆየ ነው፣ መውጫ አገኘ።

የመውጣት ዘመቻው መሪዎች፣ እነ ዶሚኒክ ከሚንግስ፣ ይህን አውቀው ሁሉንም በአንድ መፈክር ጠቀለሉት፦ ቁጥጥሩን መልሰን እንያዝ። ጡረተኛው ሲሰማው ፓርላማውንና ሕጉን ያስባል። የቦስተኑ ሰው ሲሰማው የኤጀንሲውን ሚኒባስ ያስባል። የግሪምዝቢ ዓሣ አጥማጅ ሲሰማው ባሕሩን ያስባል። ሦስቱም የሚፈልጉት የተለያየ ነው፣ አንዳንዴም የሚጋጭ ነው። ለአንድ ቀን ግን አንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

ለዚህ መፈክር ማስረጃውን ያቀረበው ማን ይመስልሃል? የመቆየት ዘመቻ መሪ የነበረው መንግሥት ራሱ ነው። እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ካሜሮን ሥልጣን ሲይዙ የገቢና የወጪ ስደተኛ ልዩነትን ከመቶ ሺዎች ወደ አሥር ሺዎች እናወርዳለን ብለው ቃል ገቡ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል። ኅብረቱ ውስጥ እያለህ ከኅብረቱ የሚመጣን ሠራተኛ ቁጥር መገደብ አትችልም። ሕጉ ነው። ድምፁ ሊሰጥ አራት ሳምንት ሲቀረው፣ ሜይ 26፣ የስታቲስቲክስ ቢሮው የዓመቱን ቁጥር አወጣ፦ 333,000። መንግሥት ቃሉን መፈጸም ለምን አልቻለም? ኅብረቱ ውስጥ ስለሆነ። ከዚህ የተሻለ የ«እንውጣ» ማስታወቂያ አይገኝም፣ ለዚያውም በነጻ። ካሜሮን በፌብሩዋሪ ከብራስልስ ይዘው የመጡት ስምምነትም አዳዲስ ሠራተኞች የሚያገኙትን ድጎማ ለጊዜው የሚያዘገይ እንጂ ቁጥሩን የሚነካ አልነበረም።

ያ ቃል በኛ ሰው ላይም አርፏል። መንግሥት አውሮፓውያኑን መከልከል ስላልቻለ ክንዱን ያበረታው በሌላው ላይ ነው። ከ2012 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ሚስቱን ወይም ባሏን ለማምጣት የሚፈልግ ሰው በዓመት 18,600 ፓውንድ ገቢ ማሳየት ነበረበት። ልጅ ካለ ይጨምራል። ጽዳት ወይም ጥበቃ ለሚሠራ፣ ሙሉ ሰዓት ላላገኘ ሰው ይሄ ቀላል ቁጥር አይደለም። ዜግነት ያለው ሐበሻ የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት እየሰበሰበ ሲጨነቅ፣ አጠገቡ የሚሠራው ፖላንዳዊ ያለዚያ ሁሉ ጣጣ ሚስቱን ያመጣል። ቡና ላይ የሚወራ ምሬት ነበር። የመውጣት ዘመቻውም ይህን አውቆታል። ፕሪቲ ፓቴል ለደቡብ እስያ ምግብ ቤቶች «ከወጣን ከናንተ አገር ሼፍ ማስመጣት ይቀላል» የሚል ዓይነት ቅስቀሳ አድርጋለች። ከእስያ ዝርያ ካላቸው መራጮች ከሦስት አንዱ፣ ከጥቁሮች ደግሞ ከአራት አንድ ትንሽ በላይ ለመውጣት መርጧል። አብዛኞቹ ግን ለመቆየት ነው የመረጡት።

ወደ ወንድምህ እንመለስ። ዘረኝነት ነበረበት ወይ? ነበረበት። የዩኪፕ ፓርቲ መሪ የነበረው ናይጄል ፋራጅ ድምፁ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው ረጅም የስደተኞች ሰልፍ ያለበት ፖስተር አስመርቋል። ፎቶው የተነሳው ስሎቬኒያ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ከሶሪያና ከአካባቢው የሸሹ ናቸው፣ ከአውሮፓ የሥራ ገበያ ጋር አይገናኙም። መልእክቱ ግን ለማንም ግልጽ ነበር። በዚያው ቀን የሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባል ጆ ኮክስ በአንድ ቀኝ አክራሪ ተገደለች። ከድምፁ በኋላም ለፖሊስ የተመዘገበው የጥላቻ ወንጀል ጨመረ። ወንድምህ መንገድ ላይ «መቼ ነው የምትሄደው?» ተብሎ ከነበረ፣ ጥናት ጠቅሼ ላጽናናው አልሞክርም። ግን ዘረኛ ሁሉ «እንውጣ» ብሎ ሊሆን ይችላል፤ «እንውጣ» ያለ ሁሉ ዘረኛ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። 17.4 ሚሊዮን ሰው ውስጥ የቦስተንም፣ የኤቡ ቬልም፣ የሕንድ ምግብ ቤት ባለቤትም አለ።

መምህራችሁ ያሉት ውሸትም ነበር። ቀዩ አውቶብስ ታዋቂ ነው። ቦሪስ ጆንሰን እሱን ይዞ አገር ምድሩን ዞረ። ለኅብረቱ በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን፣ በዚያ የጤና አገልግሎታችንን እንደግፍ ይላል። ቁጥሩ ማርጋሬት ታቸር በ1984 ያስገኙትን ቅናሽ አይቀንስም። ተመልሶ የሚመጣውንም አይቆጥርም። የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑ አሳሳች ነው ብሎ በይፋ ተናግሯል። ቱርክ ኅብረቱን ልትቀላቀል ነው የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ማንኛውም አባል አገር ሊያግደው እየቻለ። የሚገርመው ግን ማስተባበያው ነበር። «350 አይደለም፣ ከዚያ ያንሳል» እያሉ በቴሌቪዥን በተከራከሩ ቁጥር ሰው የሰማው ብዙ ገንዘብ እንደሚሄድ ብቻ ነው። ተንኮሉም እዚያ ላይ ነበር። ያም ሆኖ ውሸት የሚዘራው የሚበቅልበት መሬት ላይ ነው። ጤና ጣቢያው ወረፋ ባይኖር ኖሮ አውቶብሱ ማን ያየው ነበር?

የዕድሜና የትምህርት ነገር በፍጥነት ልለፍበት፣ ሌላ ቦታ ታነበዋለህ። ከ18 እስከ 24 ካሉት 73 በመቶው ለመቆየት፣ ከ65 በላይ ካሉት 60 በመቶው ለመውጣት መርጠዋል። ከሁሉም በላይ ድምፁን የሚተነብየው ግን ትምህርት ነው። ዲግሪ ያለው በብዛት «እንቆይ»፣ የሌለው በብዛት «እንውጣ»። ይሄ «ያልተማረ ስለሆነ አልገባውም» ማለት አይደለም። ዲግሪ ላለው አውሮፓ ማለት በርሊን ሄዶ መሥራት፣ ባርሴሎና ሄዶ መማር ነው። ለሌለው አውሮፓ የሚመጣው ወደሱ ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። የብሪታንያ የምርጫ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ቀዳሚው ሁሉን የሚወስድበት ነው። በ2015 የፋራጅ ፓርቲ ዩኪፕ 3.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አግኝቶ ፓርላማ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ደረሰው። የስኮትላንድ ብሔርተኞች በ1.5 ሚሊዮን ገደማ 56 ወንበር ወሰዱ። ሌበር ለዘመናት የማይሸነፍበት አካባቢ የሚኖር ሰው ቢመርጥም ባይመርጥም ለውጥ የለም። ሕዝበ ውሳኔው ግን አገሩን አንድ ምርጫ ክልል አደረገው። እያንዳንዱ ወረቀት እኩል ተቆጠረ። ከ2015ቱ ምርጫ ይልቅ ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ድምፅ ሰጠ። ከነዚህ ብዙዎቹ ምርጫ የተዉ ሰዎች ነበሩ፣ ለዓመታት። የአስተያየት ሰብሳቢዎቹ ቀመር ያልያዛቸውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ «እንደሚጎዳቸው እየተነገራቸው ለምን?» ላልከው የኔ መልስ እንዲህ ነው። መንግሥት የጠየቃቸው «ትርፍ ወይስ ኪሳራ?» ብሎ ነው። እነሱ የመለሱት «ማን ነው የሚወስንልን?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ስላልገባቸው አይመስለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ጥያቄ የሚመልሱበት ወረቀት ስላገኙ ነው።

አባል አገር ከኅብረቱ የሚወጣበት የኅብረቱ ውል አንቀጽ 50 ሲባል የኛ ሰው ጆሮ ወዲያው ወደ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 ይሄዳል፤ በፌስቡክ ክርክር ላይም አይቻለሁ። ማነጻጸሩ ብዙ አያስኬድም። ኅብረቱ የራሳቸው ጦርና ፓስፖርት ያላቸው አገሮች ስምምነት ነው። ለዚያም ቢሆን መውጣቱ ቀላል አልሆነም። አንቀጽ 50 በማርች 2017 ተጠራ፣ የወጡት በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው፣ የሽግግር ጊዜው ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዘለቀ። ካሜሮን በ2016፣ የተኳቸው ቴሬዛ ሜይ ደግሞ በ2019 የጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበራቸውን አጥተዋል።

ያገኙትስ? ሕግ ማውጣቱን መልሰዋል፣ ያ እውነት ነው። ስደቱ ግን ሌላ ሆነ። አውሮፓውያኑ ቀነሱ፣ ከሕንድ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎች አገሮች የሚመጣው ጨመረ። ነርስም የአረጋዊ ተንከባካቢም ያስፈልግ ነበርና ቪዛው ተከፈተ። እስከ 2023 አጋማሽ በነበረው አንድ ዓመት የስደት ልዩነቱ ከ900,000 በላይ ደርሷል። ኅብረቱ ውስጥ እያሉ አይተውት የማያውቁት ቁጥር ነው። የትዳር ቪዛው የገቢ መስፈርትም በ2024 ወደ 29,000 ፓውንድ ወጣ። ያ ሐበሻ ፖላንዳዊው ላይ የነበረው ቅናት አለቀለት፤ አሁን አዲስ ትዳር ከሆነ ሁለቱም እኩል ወረቀት ይሰበስባሉ። ከፈረንሳይ በካሌ በኩል በጀልባ የሚሻገሩትን ደግሞ ብሪታንያ ወደ መጀመሪያው የአውሮፓ አገር መመለስ የምትችልበት የደብሊን ስምምነት ከሽግግሩ ጋር አበቃ። በ2018 በጀልባ የተሻገሩት 300 ገደማ ነበሩ። በ2022 ከ45,000 በላይ ሆኑ፤ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያንም አሉባቸው። የጀልባው ምክንያት ብዙ ነው፤ የደብሊን መቅረት ግን አንዱ ሆኖ ይነሳል። ኢኮኖሚውን በተመለከተ የመንግሥት በጀት ተንታኝ ተቋሙ ግምት በረጅም ጊዜ የአገሪቱ ምርታማነት 4 በመቶ ያህል ይጎድላል የሚል ነው።

አሁን ቢጠየቁ ይመለሳሉ? በአስተያየት መለኪያዎች መውጣታችን ስህተት ነበር የሚለው ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከግማሽ በላይ ነው። አንዱ ምክንያት የዕድሜ ጉዳይ ነው፦ በ2016 የመረጡ አዛውንቶች አርፈዋል፣ ያኔ ልጆች የነበሩት መራጭ ሆነዋል። ግን «ስህተት ነበር» ማለትና «እንመለስ» ማለት ይለያያሉ። ብትመለስ የታቸር ቅናሽ የለም። ለአዲስ አባል ዩሮንና ሸንገንን መቀበል በመርህ ደረጃ ግዴታ ነው። የሌበሩ መሪ ኪር ስታርመር በጁላይ 2024 ሲመረጡ ወደ ጋራ ገበያው፣ ወደ ጉምሩክ ኅብረቱም ሆነ ወደ ነጻ ዝውውሩ አንመለስም ብለው ነው የተወዳደሩት። የመቆየት ደጋፊ የነበሩት ስታርመር ናቸው እንግዲህ ይህን ያሉት። የፓርቲያቸው ሰዎች እነ ቦስተንንና እነ ሰንደርላንድን አይተው ያደረጉት ስሌት ነው።